በብርሃን የሚጠነክሩ የሬዚን ቅቦች፦ ተጨማሪ ንጥረ ነገሮች በአደራረቃቸውና በጥንካሬያቸው ላይ ያላቸው ሚና

በጥርስ ሐኪም እጅ የሚታየው ሰማያዊ ብርሃን፣ በውበት ሳሎን ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠው ትንሽ የጥፍር መብራት፣ እንዲሁም በእንጨት ወለል ፋብሪካ ከማጓጓዣ ቀበቶ በላይ የተሰቀለው ኃይለኛ አምፖል የሚያከናውኑት ሥራ በመሠረቱ አንድ ነው። ሦስቱም ፈሳሽ ወይም ለስላሳ የሆነን ሬዚን በጥቂት ሰከንዶች ወይም ደቂቃዎች ውስጥ ወደ ጠጣር አካል ይለውጣሉ። ይህ ለውጥ ሙሉ ይሁን ጎደሎ የሚወሰነው በመብራቱ ኃይል ብቻ አይደለም። በሬዚኑ ውስጥ በጥቂቱ የሚጨመሩት ንጥረ ነገሮች ዓይነትና መጠን የቅቡን ዕድሜ፣ የመጣበቅ አቅሙንና በሠራተኛውም ሆነ በተጠቃሚው ጤና ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ ይወስናሉ። ከላይ የደረቀ መስሎ ከሥር ያልበሰለ ቅብ ይላጣል፣ ይሰነጠቃል፤ ከዚህም በላይ በውስጡ የቀረው ያልተዋሐደ ኬሚካል ቆዳን ሊያስቆጣ ይችላል።

ምንነትና አመጣጥ

የተለመደው ቀለም የሚደርቀው በውስጡ ያለው ማሟሟያ ወደ አየር ሲተን፣ ወይም ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን ጋር በዝግታ ሲዋሐድ ነው። በብርሃን የሚጠነክር ቅብ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚተን ማሟሟያ የለውም፤ ቢኖረውም ጥቂት ነው። ፈሳሹ ራሱ፣ ጥቃቅን ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ተያይዘው ወደ ጠጣር ፖሊመር ይለወጣሉ። ከዚህ የተነሣ ጊዜና ቦታ ይቆጥባል፤ ወደ አየር የሚለቀቀው ጭስና ሽታም ይቀንሳል።

ዘዴው በኢንዱስትሪ ደረጃ መስፋፋት የጀመረው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ሲሆን፣ ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች መካከል የእንጨት ዕቃና የኅትመት ዘርፎች ይገኙበታል። በሕክምናው በኩል አሜሪካዊው ተመራማሪ ራፋኤል ቦወን እ.ኤ.አ. በ1962 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘበት ሬዚን ለዘመናዊው የጥርስ መሙያ መሠረት ሆኗል። የጥርስ መሙያዎች በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአልትራቫዮሌት ጨረር ይጠነክሩ ነበር፤ በኋላ ግን ወደ ውስጥ ጠልቆ የሚገባውና ለዓይንና ለቆዳ ያለው አደጋ አነስተኛ የሆነው ሰማያዊ ብርሃን ቦታውን ያዘ። ዛሬ የኦፕቲካል ፋይበር ክሮች፣ የመኪና የፊት መብራት ሽፋኖች፣ የማሸጊያ ካርቶኖችና የጥፍር ጄሎች ሁሉ በዚሁ ዘዴ የሚሸፈኑ ናቸው።

የቅቡ አካላት

አንድ በብርሃን የሚጠነክር ቅብ በአራት ክፍሎች ሊታይ ይችላል። የመጀመሪያው ኦሊጎመር የሚባለው ወፍራም ሬዚን ሲሆን፣ የቅቡን ዋና ጠባይ ይሰጣል። ኤፖክሲ አክሪሌት ጠጣርና ኬሚካል የሚቋቋም ቅብ ያስገኛል፤ ዩሬቴን አክሪሌት ደግሞ ተለማጭነትንና ጭረትን የመቋቋም ኃይልን ያጣምራል። ሁለተኛው ሞኖመር የሚባለው ማቅጠኛ ነው። ወፍራሙን ሬዚን ለመቀባት እንዲመች ያቀጥነዋል፤ እንደ ተራ ማሟሟያ ግን አይተንም፤ ከሬዚኑ ጋር ተዋሕዶ የቅቡ አካል ይሆናል።

ሦስተኛው ፎቶኢኒሼተር የተባለው፣ ብርሃንን ተቀብሎ ኬሚካላዊውን ምላሽ የሚያስጀምረው ንጥረ ነገር ነው። በአብዛኛዎቹ ቅቦች ውስጥ ያለው ድርሻ ከጠቅላላው ክብደት ከ1 እስከ 5 በመቶ ገደማ ነው። አራተኛው ክፍል የቀለም ዱቄትን፣ ሙሊቶችን፣ ቅቡን የሚያስተካክሉ፣ ከፀሐይ የሚከላከሉና በማከማቻ ውስጥ እንዳይረጋ የሚጠብቁ ሌሎች ጭማሪዎችን ያጠቃልላል። ድርሻቸው በወጥ ውስጥ እንዳለ ጨው ነው፤ ማነሳቸውም ሆነ መብዛታቸው በሥራው ላይ ይታወቃል።

ምላሹ እንዴት ይጀመራል?

አስጀማሪው ንጥረ ነገር ለእርሱ የሚስማማ የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን ሲያርፍበት ነፃ ራዲካል የሚባሉ፣ ብዙ ሳይቆዩ ከሌላ ሞለኪውል ጋር የሚዋሐዱ ቅንጣቶችን ይፈጥራል። እነዚህ ቅንጣቶች የአክሪሌት ሞለኪውሎችን ድርብ ትስስር ይከፍታሉ። አንዱ ሞለኪውል ሌላውን እየያዘ ሰንሰለት ይሠራል፤ ሰንሰለቶቹም እርስ በርስ ተጠላልፈው እንደ መረብ ይሆናሉ።

አስጀማሪዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ብርሃን ሲያርፍባቸው ራሳቸው ለሁለት ተሰብረው ራዲካል ይሰጣሉ። ሁለተኛዎቹ ግን ብቻቸውን አይበቁም፤ ሃይድሮጅን የሚለግሳቸው ረዳት፣ አብዛኛውን ጊዜ አሚን የሚባል ውህድ፣ ያስፈልጋቸዋል። በጥርስ ሕክምና የታወቀው ካምፎርኪኖን ከሁለተኛው ወገን ነው። ብርሃንን አብዝቶ የሚቀበለው በ470 ናኖ ሜትር አካባቢ በመሆኑ የሐኪሙ መብራት ሰማያዊ ሆኗል። ካምፎርኪኖን በራሱ ቢጫ ስለሆነ ግን በጣም ነጭ ለሆኑ መሙያዎች መጠኑ ይገደባል፤ ረዳቱ አሚንም ከጊዜ ብዛት ቅቡን ወደ ቢጫነት ሊለውጠው ይችላል።

ከዚህ የሚወጣው የመጀመሪያው ደንብ አስጀማሪውና መብራቱ ሊስማሙ ይገባል የሚል ነው። የቆዩት የሜርኩሪ አምፖሎች በ254፣ በ313፣ በ365፣ በ405 እና በ436 ናኖ ሜትር ጎልተው የሚታዩ ጨረሮችን ይሰጣሉ። የኤልኢዲ መብራቶች ግን ጠባብ በሆነ ክልል፣ ለምሳሌ በ365፣ በ385፣ በ395 ወይም በ405 ናኖ ሜትር ብቻ ያበራሉ። ለሜርኩሪ አምፖል የተዘጋጀ ቅብ በኤልኢዲ ሥር ቢቀመጥ መብራቱ ደምቆ ይታይ እንጂ ቅቡ በሚገባ ላይጠነክር ይችላል። ለዓይን የሚታየው ድምቀት የሥራው መለኪያ አይደለም።

መብዛት ሁልጊዜ መሻል አይደለም

አስጀማሪው ምላሹን የሚያፋጥን ከሆነ መጠኑን መጨመር ቅቡን ያጠነክረዋል ብሎ ማሰብ የተለመደ ስሕተት ነው። እስከ ተወሰነ ደረጃ ድረስ እውነት ነው፤ ከዚያ ካለፈ ግን ውጤቱ ይገለበጣል። ከላይ ያለው ንጣፍ በአስጀማሪ ሲሞላ ብርሃኑን በሙሉ ለራሱ ስለሚያስቀር ወደ ሥር የሚደርሰው ያንሳል። የላዩ ክፍል ፈጥኖ ሲጠጥርና ሲኮማተር የሥሩ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ ገጽታው ይጨማደዳል፤ ከተቀባበት አካል ጋር የሚጣበቀው የታችኛው ክፍል ስላልበሰለም ቅቡ በቀላሉ ይላጣል። በተጨማሪም ብዙ አስጀማሪ ብዙ አጫጭር ሰንሰለቶችን ስለሚፈጥር የመረቡ ጥንካሬ ይቀንሳል፤ ሥራ ያልሠራው ትርፍ አስጀማሪም በቅቡ ውስጥ ቅሪት ሆኖ ይቀመጣል።

ባለሙያዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት መፍትሔ ሁለት አስጀማሪዎችን ማጣመር ነው፤ አጭር ሞገድ የሚቀበለው ላዩን፣ ረጅም ሞገድ የሚቀበለው ጥልቁን እንዲያጠነክር ይደረጋል። አሲልፎስፊን ኦክሳይድ የተባለው ወገን በዚህ ረገድ ተፈላጊ ነው። እስከ 400 ናኖ ሜትርና ከዚያም በላይ ያለውን ብርሃን ይቀበላል፤ ሥራውን ሲጨርስም ቢጫ ቀለሙ ስለሚጠፋ ለሚከተለው ብርሃን መንገድ ይለቅለታል። በሌላ በኩል ጥልቀት በአንድ ጊዜ ሊሸነፍ በማይችልበት ቦታ ሥራው በንጣፍ ይከፈላል፤ የተለመደው የጥርስ መሙያ ከ2 ሚሊ ሜትር ባልበለጠ ንጣፍ እየተሞላና እየበራ የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው።

ቀለም ብርሃንን ሲሻማ

ጥርት ያለ ቅብ ከቀለማም ቅብ ይልቅ በቀላሉ ይጠነክራል፤ የቀለም ዱቄት ብርሃንን ከአስጀማሪው ጋር ይሻማልና። ለነጭ ቀለም የሚውለው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ከ400 ናኖ ሜትር ገደማ በታች ያለውን ጨረር አብዛኛውን ይውጠዋል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ደግሞ ይበትነዋል። ስለዚህ በነጭ ቅብ ውስጥ አጭር ሞገድ ብቻ የሚቀበል አስጀማሪ ማስገባት ከንቱ ድካም ነው። ከሁሉ የሚከብደው ጥቁር ነው፤ የካርቦን ጥቁር ዱቄት አልትራቫዮሌቱንም የሚታየውንም ብርሃን ስለሚውጥ ጥቁር ቅብ እጅግ ስስ መሆን አለበት።

ይህ በውበት ሥራ ላይ ለተሰማሩ ሠራተኞች ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ጥርት ላለው ጄል የበቃው ጊዜና ውፍረት ለጥቁር፣ ለጥልቅ ቀይ ወይም ለነጭ ጄል ላይበቃ ይችላል። ደማቅ ቀለሞች በሁለት ስስ ንጣፍ፣ እያንዳንዱ ለብቻው እየበራ እንዲቀቡ የሚመከረው ስለዚህ ነው።

ኦክስጅን፦ ጠላትም ጠባቂም

ከአየር የሚገባ ኦክስጅን ነፃ ራዲካሎችን ይይዝና ሰንሰለቱን ሊያስቀጥል ወደማይችል ደካማ ውህድ ይለውጣቸዋል። በቅቡ ላይኛ ገጽ ተጣባቂ ንጣፍ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ቅቡ እየሳሳ በሄደ መጠን ከአየር ጋር የሚገናኘው ድርሻ ስለሚበዛ ችግሩም ይበረታል።

ለዚህ የተገኙት መፍትሔዎች ብዙ ናቸው። በፋብሪካ አየሩን በናይትሮጅን መተካት አንዱ ነው። አሚኖች ኦክስጅን ያደከማቸውን ራዲካሎች በአዲስ ስለሚተኩ ገጽታውን ያደርቃሉ፤ ሲበዙ ግን ቢጫነትንና ሽታን ያመጣሉ፣ ቅቡንም እርጥበት ሳቢ ሊያደርጉት ይችላሉ። ሰልፈር ያላቸው ታዮል የሚባሉ ውህዶችም የኦክስጅንን ጫና ይቀንሳሉ፤ ጉድለታቸው ሽታቸው ነው። በአንዳንድ የእንጨት ቅቦች ውስጥ የሚጨመር ፓራፊን ሰም ወደ ላይ ተንሳፍፎ አየሩን ይዘጋል። የጥርስ ሐኪሞችም ከመጨረሻው ማብራት በፊት ግሊሰሪን ጄል በመቀባት ተመሳሳይ ውጤት ያገኛሉ።

ኦክስጅን በማከማቻ ውስጥ ግን ወዳጅ ነው። ሞኖመሮች በማሸጊያቸው ውስጥ ሳሉ በራሳቸው እንዳይረጉ ገቺ ንጥረ ነገር ይጨመርባቸዋል። በሰፊው የሚሠራበት የሃይድሮኪኖን ሞኖሜቲል ኢተር ገቺ ሥራውን የሚሠራው በፈሳሹ ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን ሲኖር ነው። ስለሆነም መያዣው እስከ አፉ አይሞላም፤ በላዩ የአየር ቦታ ይተውለታል። ሙቀት ገቺውን ቶሎ ያሟጥጠዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የበጋ ሙቀት ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሚወጣበት ወቅት ዕቃውን በተዘጋ ተሽከርካሪ ወይም አየር በማይዘዋወርበት መጋዘን መተው ፈሳሹን ሊያረጋው ይችላል፤ በትልቅ በርሜል ውስጥ ከሆነም ምላሹ ራሱ ሙቀት ስለሚያወጣ አደገኛ ይሆናል።

ጥንካሬ ሲባል ምን ማለት ነው?

በዕለት ተዕለት ንግግር አንድ ቃል ቢበቃም፣ በቅብ ሙያ ጥንካሬ የተለያዩ ጠባዮችን ያቅፋል። ጭረትን መቋቋም አንድ ነገር ነው፤ ሳይሰነጠቅ መታጠፍ ሌላ፤ ከተቀባበት አካል ሳይላቀቅ መቆየት ደግሞ ሌላ። አንዱን የሚጨምር ንጥረ ነገር ሌላውን ሊቀንስ ይችላል።

በሞኖመሩ ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። ሦስትና ከዚያ በላይ የመያያዣ ቦታ ያለው ሞኖመር መረቡን ጥቅጥቅ ያደርገዋል፤ ቅቡ ጠጣርና ኬሚካል የማይደፍረው ይሆናል። በአንጻሩ ተሰባሪነቱና መኮማተሩ ይጨምራል። ሞለኪውሎቹ ሲያያዙ በመካከላቸው የነበረው ርቀት ስለሚያጥር የቅቡ መጠን ይቀንሳል፤ መኮማተሩም ቅቡን ከታች ካለው አካል ጋር ያጓትተዋል፣ አንዳንዴም ይነቅለዋል። መረቡ ፈጥኖ ሲጠጥር ደግሞ በውስጡ ያሉት ሞለኪውሎች መንቀሳቀስ ያቅታቸውና የተወሰኑት ሳይያያዙ ይቀራሉ። እንደ ጥርስ መሙያ ባሉ ሬዚኖች ውስጥ ከድርብ ትስስሮቹ ብዙውን ጊዜ የሚዋሐዱት ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ናቸው።

ሙሊቶች ይህን ተቃርኖ ለማስታረቅ ይረዳሉ። እጅግ የደቀቀ ሲሊካ ሲጨመር የሬዚኑ ድርሻ ስለሚቀንስ መኮማተሩ ይቀንሳል፤ ጭረትና መፋቅን የመቋቋም ኃይሉም ያድጋል። ቅንጣቶቹ ከብርሃን ሞገድ በእጅጉ ያነሱ ከሆኑ ቅቡ ጥርት እንዳለ ይቆያል። ነገር ግን ሙሊቱ ከሬዚኑ ጋር ካልተያያዘ በውስጡ እንደ ባዕድ አሸዋ ይሆናል፤ ስንጥቅም ከዚያው ይጀምራል። ሲሌን የተባለው አገናኝ ውህድ አንድ ጫፉ ከሲሊካው፣ ሌላው ጫፉ ከሬዚኑ ጋር ስለሚያያዝ በሁለቱ መካከል ድልድይ ይሆናል። የቦወን ሥራ ስኬት አንዱ ምሥጢርም ሙሊቱ በሲሌን መታከሙ ነበር። ሙሊት ከመጠን ሲያልፍ ፈሳሹ ይወፍራል፣ አረፋ ይይዛል፣ ብርሃንም ይበተናል።

የኦፕቲካል ፋይበር ቅብ ለዚህ ሚዛን ጥሩ ምሳሌ ነው። 125 ማይክሮ ሜትር ዲያሜትር ያለው የመስታወት ክር በሁለት ንጣፍ ተሸፍኖ ወደ 250 ማይክሮ ሜትር ገደማ ይደርሳል። የውስጡ ንጣፍ ክሩን ከጫና የሚያሳርፍ ለስላሳ ትራስ ነው፤ የውጩ ጠጣር ሆኖ ከመፋቅ ይጠብቀዋል። አንድ ቅብ ሁለቱንም ሥራ ሊሠራ ስላልቻለ ሥራው ለሁለት ተከፈለ።

ከፀሐይ በታች

ከቤት ውጭ የሚውል ቅብ ሌላ ፈተና አለበት፤ ያጠነከረው ጨረር ከጊዜ ብዛት ራሱን ያፈርሰዋል። ለመከላከያ ሁለት ዓይነት ጭማሪዎች ይገባሉ። አንደኛው አልትራቫዮሌትን ውጦ ወደ ሙቀት የሚለውጥ ነው፤ ሁለተኛው ጨረሩ የፈጠራቸውን ጎጂ ራዲካሎች የሚያመክን ነው። ችግሩ የመጀመሪያው ጭማሪ ቅቡ ገና ሲጠነክር ከአስጀማሪው ጋር ብርሃን መሻማቱ ነው። መፍትሔው መከላከያው በማይውጠው ረዘም ያለ ሞገድ የሚሠራ አስጀማሪ መምረጥ ነው። የመኪና የፊት መብራት የሚሠራበት ፖሊካርቦኔት ፕላስቲክ ያለ እንዲህ ያለ ቅብ በፀሐይ ይደበዝዛል፣ ቢጫም ይሆናል።

ቅሪቱና ጤና

ያልተዋሐደው ቅሪት የት ይደርሳል የሚለው ጥያቄ የሕዝብ ጉዳይ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በዚያ ዓመት በጣሊያን ለሕፃናት በተዘጋጀ የታሸገ ወተት ውስጥ አይሶፕሮፒል ታዮክሳንቶን የተባለ አስጀማሪ ተገኘ፤ ምንጩ በካርቶኑ ውጫዊ ገጽ ላይ የታተመው ቀለም ነበር። ከዚያ በኋላ ሞለኪውላቸው ትልቅ የሆኑና ከቅቡ በቀላሉ የማይወጡ አስጀማሪዎች ይበልጥ ተፈላጊ ሆነዋል።

በጥፍር ጄሎች ረገድ የአውሮፓ ኅብረት ሄማ የተባለው ሞኖመር ያለባቸው የጥፍር ምርቶች ለባለሙያ ብቻ እንዲውሉና ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው እ.ኤ.አ. በ2020 ደንብ አውጥቷል፤ ምክንያቱ የቆዳ አለርጂ ነው። ከመስከረም 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ቲፒኦ የተባለው አስጀማሪ ለመራባት ጤና ጎጂ ተብሎ በመመደቡ በኅብረቱ ውስጥ በመዋቢያ ምርቶች እንዳይገባ ተከልክሏል። አስጀማሪው ሲቀየር የመብራቱ ዓይነት፣ የማብሪያው ጊዜና የቅቡ ውፍረትም አብረው መፈተሽ አለባቸው፤ አለበለዚያ አንዱን ጉዳት ለማስቀረት የተደረገው ለውጥ ያልበሰለ ቅብን ያስከትላል።

የአክሪሌት አለርጂ አንድ ጊዜ ከያዘ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አይለቅም። የያዘው ሰው ሥራውን ሊተው ይገደድ ይሆናል፤ ኋላም ተመሳሳይ ሬዚን ያለበት የጥርስ ሕክምና ሊያስቸግረው ይችላል። ሞኖመሮቹ ስስ ጓንትን በደቂቃዎች ውስጥ ዘልቀው ስለሚገቡ፣ የነካ ጓንት ወዲያው ይለወጣል እንጂ እስከ ሥራ ፍጻሜ አይቆይም።

እንዴት ይፈተሻል?

በቤተ ሙከራ፣ ያልተከፈቱት ድርብ ትስስሮች ብዛት በኢንፍራሬድ ጨረር ይለካል። በሥራ ቦታ የሚደረጉት ፈተናዎች ቀለል ያሉ ናቸው። የተለያየ ጥጥርነት ባላቸው እርሳሶች ገጽታውን መጫር፣ ቅቡን በስለት እንደ ፍርግርግ ከፋፍሎ የሚላጠውን መቁጠር፣ እንዲሁም በማሟሟያ በተነከረ ጨርቅ ደጋግሞ ማሸት የታወቁት ናቸው። በማሟሟያ ሲታሽ ቶሎ የሚደበዝዝ ወይም የሚለሰልስ ቅብ አልበሰለም። የእርሳሱን ፈተና አልፎ በፍርግርጉ ፈተና የሚወድቅ ቅብ ደግሞ ላዩ ጠጥሮ ሥሩ እንዳልጠነከረ፣ ወይም ከመጠን በላይ እንደተኮማተረ ያመለክታል።

ለሠራተኛው የሚጠቅሙ ነጥቦች

ሬዚኑ፣ አስጀማሪውና መብራቱ እንደ አንድ ሥርዓት የተዘጋጁ ስለሆኑ አምራቹ ለምርቱ የሚመክረውን መብራት መጠቀም ይገባል። ቅቡ ስስ ሆኖ በንጣፍ ይቀባ፤ ጥቁርና ነጭ ቀለም ተጨማሪ ጥንቃቄ ይደረግበት። አምፖል ሲያረጅ ወይም መስታወቱ ሲቆሽሽ ብርሃኑ ለዓይን ሳይለይ ኃይሉ ስለሚቀንስ በየጊዜው ይለካ ወይም ይተካ። ከሌላ አምራች የመጣ ማቅጠኛ ወይም ቀለም በግምት አይደባለቅ። የላዩ ተጣባቂ ንጣፍ ሲጠረግ ቆዳን እንዳይነካ ይጠበቅ፤ ዕቃውም ከፀሐይና ከሙቀት ርቆ ይቀመጥ። በእጅ ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ከታየ ሥራውን ችላ ብሎ መቀጠል አይገባም፤ የምርቱን የደኅንነት መግለጫ ይዞ ወደ ሐኪም መሄድ ምርመራውን ያቀልለታል።